በሎሚ ስም የተቆጠሩ ዓመቶቼ

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለእህቴ ለአጸደ፤ ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ ጌታ ከብርዱም ከፈተናውም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ደህና ነኝ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ያነሰ የምሠራው እኔ ነኝ። አሁንም የሾፌር ወርቅአፈራሁ ረዳት ነኝ፤ ከቴፒና ከሚዛን ቡና ጭነን ጅማ እናራግፋለን። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትደክም ወርዶ የሚለምናት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ሸኮ ይዤ ሄጄ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «የምማርበት ተቋም በየዓመቱ ከአፍሪካ ገጠር ለምትመጣ አንዲት የገበሬ ልጅ ቦታ ይይዛል፤ ለመጪው መስከረም የሎሚን ስም ሰጥቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ሳልኩ።

«ቀጥል እንጂ!» አለ አባባ።

«እዚህ ላይ ዝናብ መትቶት ደብዝዟል» አልኩት።

እናቴ ማማሰያውን አነሳች። ቀጠልኩ።

ሎሚን ታውቂያታለሽ። የእናቴ ልጅ ብትሆንም ሳቅ በራሽን የሚታደላት ነው የምትመስለው። ተነሥታ ጓሮ ወጣች። ብከተላት ቡናው ሥር ቆማ፣ ያንን ሳይቀላ እየጠቆረ የሚረግፈውን ፍሬ በጣቷ ታፈርጣለች።

«ኢሱ፣ እዚያ የዕፅዋት በሽታ ያስተምራሉ?»

«የሰውንም ሳይሞክሩት አይቀሩም።»

«በቁም ነገር ነው የጠየቅኩህ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ ማየት ስለማልወድ የአባባን ዶሮ አባርሬ ሄድኩ።

ማትሪክ አልፋ ለአዲስ አበባ በጥቂት ነጥብ እንደቀረች አንቺም ሰምተሻል። ከዚያ ወዲህ የገበሬ ማኅበራችን መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሽማግሌዎችን ፊደል ስታስቆጥር ትውላለች። ሌላ በር አልነበራትም። ያንቺ ነው የመጣው።

ፎቶ ሚዛን ገበያ አጠገብ ተነሥታለች። ኮቱ የፎቶ አንሺው ነው፤ የሚዛን ሰው በሙሉ የሚነሣው በሱ ነው። ጀርመኖቹ አገሩ በሙሉ አንድ ኮት ተካፍሎ የሚኖር እንዳይመስላቸው አስረጂልን። ዕድሜዋ ከአሥራ ዘጠኝ ያልበለጠ ብለሻል፤ አትጨነቂ፣ አሥራ ሰባት ናት። የትምህርት ቤቱን ማስረጃና የማትሪኩን ወረቀት አብሬ አሽጌዋለሁ።

ለእኔ ጅንስ ሱሪ ላኪልኝ። ስለ ቁመቱ አታስቢ፤ ምንም ብትልኪ እናቴ ትቆርጠዋለች።

ወንድምሽ ኢሳይያስ ታፈሰ


ላይፕዚግ
ጥር 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለኢሳይያስ

የእግዚአብሔር ሰላም ለአንተ፣ ለአጎቴ፣ ለእናትህና ለሎሚ ይሁን። ደብዳቤህን ምግብ ቤት ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሰሃናቸውን ይዘው ራቅ አሉ።

አሁን ግን ሳትቀልድ መልስልኝ። የሎሚ የትምህርት ቤት ማስረጃ የተወለደችበትን ዘመን 1957 ይላል። ሃያ ዓመቷ ማለት ነው። የሚመለከታት ኃላፊ ወረቀቱን አስተርጉማ ካየችው በኋላ ሙሉውን ፋይል መለሰችልኝ። ለመንኳት። «ስህተት ከሆነ በአገሯ ይታረም፤ ሰው መስክሮበት የመንግሥት ማኅተም አርፎበት ይምጣ» አለችኝ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ትጠብቀናለች። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ አገር ልጅ ይሰጣል።

ሎሚን እኔው ራሴ አዝያታለሁ። በ1957 አልተወለደችም። ይህ ዘመን ከየት መጣ? ጸሐፊው ተሳስቶ ነው? ነገሩ ቀላል ከሆነ ቶሎ ይታረም። እዚህ አምስት ክረምት በሸኮኛ ሳላወራ ከርሜአለሁ፤ እንደዚህች ልጅ የምጠብቀው ሰው የለም።

ሱሪውን ገዝቻለሁ። የሚያመጣልህ ሰው ስታገኝ ንገረኝ።

አክስትህ የወለደችልህ እህትህ አጸደ


ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለክብርት መርማሪ እህቴ ለአጸደ

ጤና ከአንቺ አይራቅ። እኔ ተይዣለሁ፤ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን ተቀበዪ።

መስከረም 1966 አባባ ማር ሊሸጥ ሚዛን ሲወርድ እኔንና ሎሚን ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አቆመንና «ስማችሁን አስመዝግቡ» ብሎን ገበያ ሄደ። እኔ ዘጠኝ፣ እሷ ስድስት ዓመታችን ነበር። ግን እሷ እንደ ሸንበቆ ተመዝዛ፣ እኔ ደግሞ ዛሬም እንደምታውቂኝ ነኝ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየንና «ታላቅህ ናት?» አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ራሱ አቀብሎኝ!

«አዎ ጌታዬ። እሷ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት።»

ክንድህን በራስህ ላይ አሳልፈህ ጆሮህን ያዝ አለኝ። ትከሻዬን ሰብስቤ ጣቴ እንዳይደርስ አደረግኩ። ሎሚ በሸኮኛ «ውሸታም!» ብላ ጮኸች።

«ምን አለች?» አለ ጸሐፊው።

«ታናሼ ነውና በደንብ ያዙልኝ ነው የምትለው።»

«ጎበዝ እህት!» ብሎ ጻፈው። ሎሚ ታፈሰ፣ 1957፣ ታላቅ እህት። ኢሳይያስ ታፈሰ፣ 1960፣ ታናሽ ወንድም። አንዱ ከአንዱ ሥር። አባባ ከገበያ ሲመለስ ብነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ወረቀት ነው፣ ምን ያመጣል» አለ። ከዚያ እሷ አንድ ክፍል በደብል አለፈች፣ እኔ ሁለት ጊዜ ደገምኩ፣ ስምንተኛ ላይ ተውኩት። እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ስንሄድ ያየ ሁሉ ወረቀቱን አመነ።

እንግዲህ ሒሳብ ባላውቅም ይችን አላጣትም። ሎሚ ወደ አሥራ ሰባት ብትወርድ ወደ ሃያ የሚወጣው ማን ነው?

ብሔራዊ ውትድርና እዚህም እንደተጠራ ሰምተሽ ይሆናል። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ነው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ በዛብህ ስም ሲለቅም እኔ ዘንድ ደረሰና መታወቂያዬን አይቶ «አንተ ገና አሥራ ሰባት ነህ፣ ለከርሞ» ብሎ አለፈኝ። አብረውኝ ያደጉት በሁለት መኪና ተጭነው ሄዱ። የዚያን ቀን እናቴ እስኪመሽ ስትዘምር ዋለች። ከርሞ መድረሱ ይቀራል? ትዪኛለሽ። አይቀርም። ግን ከርሞና ዘንድሮ አንድ አይደሉም፣ እህቴ። በመሐላቸው አንድ ሙሉ ዓመት አለ።

ለሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ አንዱ ብቻ ይታረም እንደሆነ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቄዋለሁ። «አባታቸው አንድ ከሆነ ሁለቱም ነው» አለኝ።

ሎሚ ያንን የሰልፍ ቀን አልረሳችውም። አንድ ቀን ግን ሂድና አስተካክል አላለችኝም። ሸሚዜን እያጠበች ትተኩስልኛለች። እሷ ስትቆጣ አልፈራም። ሸሚዝ ስትተኩስ ነው የምፈራት።

ሱሪውን ያዥልኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቱ የሆነው (በወረቀት) ኢሳይያስ


ላይፕዚግ
ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢሳይያስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘገየሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። «አድርገው» አልልህም። «ተወው»ም ልልህ አልቻልኩም። ማንኛውንም ብል የምናገረው ከሞቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው።

አንድ ነገር ግን ልትሰማ ይገባሃል። ሎሚ ራሷ ጽፋልኛለች፤ አንተ የምታውቅ አይመስለኝም። ቃሏ ይኸው ነው፦ «ቦታውን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ። እኔ እዚሁ የምችለውን አስተምራለሁ።» ምክንያት የለበትም። ስለ አንተ አንድም ቃል የለበትም። ገጹ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ለኃላፊዋ ማቅረብ ነበረብኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ሴትዮዋ በየሰኞው መተላለፊያው ላይ ስታገኘኝ ቅንድቧን ታነሣለች፤ እኔም «ፖስታ ከእኛ አገር ሩቅ ነው» እላለሁ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይህን ማለት እችላለሁ።

እናትህን አደራ። ምን እያሰበች እንደሆነ አንተ ትቀልዳለህ እንጂ አልጻፍክልኝም።

እህትህ አጸደ


ሚዛን ተፈሪ
ሰኔ 10 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአጸደ

ጌታ ዕድሜ ይስጥሽ፤ እኛ ቤት ዘንድሮ ዕድሜ የሚታደልበት ዓመት ነው።

መሳቢያሽን ክፈቺና ያንን ወረቀት ቅደጂው። አሁኑኑ፣ የቀረውን ሳታነቢ።

ቀደድሽው? ጥሩ።

መጀመሪያ ወርቅአፈራሁን አማከርኩት። መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አሰበና «መንታ ነን በል» አለኝ። «ሁለታችሁም አሥራ ሰባት ትሆናላችሁ፤ እሷም ትሄዳለች፣ አንተም ትቀራለህ።» ሁለት ቀን በደስታ ሰከርኩ። እናቴን «መንታ ነበርን ብትዪስ?» አልኳት። «ሁለት ወልጄ ቢሆን አንዱን መርጬ አሳድግ ነበር» አለችኝ። ቀልድ ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባሽ?

እሑድ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ጓዶች፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ።

«የትኛውን?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ አምና «ቴፒ ላይ ለዝሆን ነጂ መንጃ ፈቃድ ይሰጣል» ብዬ ሁለት ሰው በእግር ልኬ ነበር። የትምህርት ቤቱን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ተረኩላቸው። ጆሮ ስይዝ አሳየኋቸው። ጓድ በዛብህ እንባውን እየጠረገ «በል ተቀመጥ፣ ስብሰባ ነው» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብናገር እንደዚያን ቀን የሳቀልኝ ሰው የለም።

ያኔ ነው አጎቴ ባየ እያነከሰ የተነሣው። ከቆርቆሮ ሣጥን ያወጣትን የሐኪም ቤት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሚያዝያ 1960 ይላል።

«ይህ እግሬ የተሰበረበት ነው። ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ወጥቼ ወደቅኩ። ያን ዕለት የታፈሰን ሚስት የሎሚ ምጥ ይዟት ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ወንዶቹ ገበያ። ዛፉ ሥር ያገኘኝ ይኸው ነው» ብሎ በከዘራው እኔን ጠቆመ።

«ሎሚ ስትወለድ ኢሳይያስ በእግሩ ይሄድ ነበር?» አለ በዛብህ።

«ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ሮጦ ሰው ጠራልኝ።»

ይኸውልሽ። ለሎሚ ሦስት ዓመት የሚቀንስላት ያው ምስክርነት ለእኔ ሦስት የሚጨምር ሆነ። ወርቅአፈራሁ ከአጥር ውጭ ቆሞ ራሱን ያዘ።

በዛብህ ወደ እናቴ ዞረ። «እናት፣ ሌላ ሰው አልጠይቅም። ታላቁ ማን ነው?»

እናቴ ተነሣች። መጀመሪያ ሎሚን አየቻት። ቀጥሎ እኔን። ነጠላዋን አጣፋች፣ መልሳ ፈታችው። ሎሚ «እማ፣ ተዪው» አለች፣ በሸኮኛ፣ ቀስ ብላ። እናቴ አልሰማችም ወይም ሰምታለች።

«ኢሳይያስ ነው» አለችና ተቀመጠች።

እዚህ ላይ የምጽፈው ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ሲገኝ እልክልሻለሁ።

በዛብህ ጻፈ፣ አስፈረመ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታው። ከዚያ ሌላ መዝገብ ከመሳቢያው አወጣ። ስሜን ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም። ጨዋ ሰው ነው።

በነጋታው አውራጃ ወስጄ አስመታሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። እንዳታጥፊው፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። (ይህች ቀልድ ናት፤ ትንሽ ተሽሎኛል።)

ታላቅ ወንድሟ ኢሳይያስ


ላይፕዚግ
ሐምሌ 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢሳይያስ

ሰላሙን ያብዛልህ። ወረቀቱ ከቀነ ገደቡ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ደረሰ። ኃላፊዋ አነበበችው፣ «ቀፎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ፈረመች። ሎሚ ተቀባይነት አግኝታለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ትበራለች። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ብቻ ትማራለች፤ ከወደቀች ይመልሷታል፤ ስለዚህ ልቧ እንዳይከፈል አድርጋችሁ ላኩልኝ። በዕፅዋት በሽታ ላይ የሚያተኩረውን የእርሻ ክፍል ጠይቄላታለሁ።

አንተ ዘንድ ጥሪ መጥቷል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ መስመር፣ ሳትቀልድ ጻፍልኝ።

አጸደ


ጅማ
መስከረም 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአጸደ

አዲሱ ዓመት የጥጋብ ያድርግልሽ።

መጥቷል። ለመስከረም 28። ይኸው አንድ መስመር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሎሚን ዛሬ ጠዋት ከዚህ ከጅማ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ጫንኳት። ለአንቺ ማር ይዛለች፤ የባየ ነው፣ አሁን የሚሰቅለው አጭር ዛፍ ላይ ነው። ልቧ እንዳይከፈል ብለሽ የለ? ስለዚህ ዋሸኋት። ሥራዬን ነው የሠራሁት።

ገና ሚዛን ሳለን «ቀድሜ ሄጄ ተመዘንኩ፤ ቁመትህ አይሞላም ብለው መለሱኝ» አልኳት። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ጓድ፣ ቁም» ሲለኝ፣ እኔ «ቆሜአለሁ እኮ» ስለው፣ ሜትር ይዛ የምትለካኝ ሴት «የቀረው የት ሄደ?» ስትል፣ ሁሉንም ሠርቼ አሳየኋት። ምን ሆነች መሰለሽ? ሳቀች! ሎሚ! ወንበር ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ወርቅአፈራሁ እንኳ ሄጄ የተለካሁ መስሎት «እውነት መለሱህ?» አለኝ። ከዚህ በፊት እሷን አስቄ አላውቅም፤ በአንድ ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ከፈለችኝ።

አባባም እናቴም እንዳይናገሩ አስምያቸዋለሁ። አንቺም ግቢበት። የቋንቋውን ዓመት እስክታልፍ ድረስ እኔ ኤንትሬዋ የጭነት መኪናችን ላይ ነኝ፣ ጤናዬ ደህና ነው፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። አራት ደብዳቤ አስቀድሜ ጽፌ ለወርቅአፈራሁ ሰጥቼዋለሁ፤ በየሁለት ወሩ አንዷን ፖስታ ቤት ይጥላታል። ቀኑን ሁሉ ሞልቼአለሁ። በአንደኛው ጎማ ፈንድቶብናል፣ በሌላው ወርቅአፈራሁ ሚስት ሊያገባ ነው፤ እሱ ይህን አላነበበም፣ አትንገሪበት።

ሱሪውን ለሎሚ ስጫት። እዚያ ሴቶችም ይለብሱታል ይባላል፤ ለእሷ ቁመቱ ይበቃታል።

አልፈራሁም ብልሽ አታምኚኝም፤ ስለዚህ አልልሽም።

ኢሱ


ላይፕዚግ
ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

በማሠልጠኛው ለሚገኘው ለወንድሜ ለኢሳይያስ ታፈሰ

ባለህበት ሁሉ እግዚአብሔር ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። አድራሻህን የላከልን አጎቴ፣ አባትህ ነው፤ ማንንም ሳያስጽፍ በራሱ እጅ። እያንዳንዱ ፊደል ባቄላ ያክላል፣ ግን አንዱም አልተሳሳተም።

ሎሚ በደህና ገብታለች። ቋንቋውን አምርራ ይዛዋለች። ሱሪው ልክ ሆኗታል፤ ማሩን እኔና እሷ በማንኪያ እየቆጠርን ነው።

የጠየቅከኝን ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያዋ ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰች፤ ጎማው የፈነዳባት። ሎሚ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔም በየቦታው እየሳቅኩ «ይኸው ደህና ነው፣ ሥራው ላይ ነው» አልኳት። ወረቀቱን አጣጠፈችና «አንቺም አትችዪበትም» አለችኝ።

ቀድሞውኑ ታውቅ ነበር፣ ኢሳይያስ። ከቤት ስትወጡ እናትህ ሁለት ከረጢት ቆሎ ቆልታ አንዱን ለእሷ ሰጥታ ሌላውን ከበሩ ጀርባ ሰቅላው እንደነበር አይታለች። ደግሞም «ኢሱ እውነት ሲናገር ይንተባተባል፣ ሲዋሽ ነው እንደዚያ የሚያምርበት» ትላለች።

የቀሩትን ሦስት ደብዳቤዎች ትፈልጋቸዋለች። ወርቅአፈራሁን እንዳታስቆመው። ለእያንዳንዷ መልስ እጽፋለሁ ብላለች፤ ጎማው ምን ሆነ ብላ ጠይቃ ጀምራዋለች።

«ካወቅሽ ታዲያ ያን ያህል ለምን ሳቅሽለት?» አልኳት።

ደብተሯን ሳትዘጋ መለሰችልኝ። «ካልሳቅኩለት ያለቅስ ነበር። እሱ ካለቀሰ እኔ አውቶቡሱ ላይ አልወጣም።»

እህትህ አጸደ